ሽልንግና ሪያል

አያቴ በሙዳያቸው ትተውልኝ ካለፉት ነገሮች አንዱ የ1936 ዓመተ ምሕረት ቁጥር በግዕዝ የተቀረጸበት የብር ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ እርሳቸው እስከ መጨረሻው ሽልንግ ይሉት ነበር። ከእነዚህ ሳንቲሞች የመጀመሪያዎቹ አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ከተማ ተቀርጸው እንደ መጡ ያወቅሁት፣ በዚያው በ1936 ስለ ሰጠመችው «ጆን ባሪ» ስለምትባል የጭነት መርከብ ሳነብ ነው።

ጆን ባሪ አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ በጥድፊያ ከሠራቻቸው «ሊበርቲ» ከሚባሉት መርከቦች አንዷ ነበረች። በሐምሌ ወር ከፊላዴልፊያ ስትነሳ ከጫነችው ዕቃ መካከል፣ በዚያው ከተማ ለሳዑዲ ዓረቢያ የተቀረጹ 3 ሚሊዮን የብር ሪያሎች ነበሩ። የዚያ አገር ሰው እንደ እኛው በጠገራ ብር የለመደ ስለ ነበር ወረቀት አያምንም፤ የአሜሪካው የነዳጅ ኩባንያ ሠራተኞች ደመወዝም እጅ ላይ የሚከብድ ብር መሆን ነበረበት። (አያቴም የወረቀት ገንዘብን «እሳት የሚበላው» እያሉ ይንቁት ነበር።)

መርከቧ በስዊዝ በኩል አልፋ ዔደን ከደረሰች በኋላ ያለ አጃቢ ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ስታመራ፣ ነሐሴ 22 ቀን ሌሊት ከኦማን ጠረፍ ራቅ ብሎ «ዩ-859» የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታት። ከ68ቱ ሰዎች ሁለቱ ሲሞቱ የቀሩትን በማግስቱ ሌሎች መርከቦች አነሷቸው፤ እርሷ ግን ሁለተኛው ቶርፔዶ ሲጨመርባት ለሁለት ተሰብራ 2,600 ሜትር ያህል ወደ ታች ወረደች። ሰርጓጁም ወር ሳይሞላው ማላያ፣ ፔናንግ አጠገብ በእንግሊዝ ሰርጓጅ ተመትቶ ሰጠመ።

ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያህል ሰው አጥብቆ ሲያወራ የኖረው ስለ ሪያሎቹ ሳይሆን፣ መርከቧ ለሕንድ ይዛዋለች ስለተባለው 1,800 ቶን ጥፍጥፍ ብር ነበር። በ1987 ዓ.ም. ከነዳጅ መቆፈሪያ መርከብ ላይ ግዙፍ የብረት መንጋጋ ወደ ጥልቁ ወርዶ የመርከቧን አካል እየቀደደ ሲያወጣ ግን የተገኘው 1.3 ሚሊዮን ያህል ሪያል ብቻ ነው። እኔ ጥፍጥፉ ከመጀመሪያውም የነበረ አይመስለኝም፤ ያን ያህል ብር የጫነችን መርከብ በጦርነት መካከል ያለ አጃቢ የሚልክ መንግሥት ይኖራል ብሎ ማመን ይከብደኛል።

ከወጡት ሪያሎች የአንዱን ፎቶግራፍ ከአያቴ ሽልንግ ጎን አድርጌ አየሁት። ሪያሉ ላይ ያለው የሂጅራ ዓመት 1354 ነው፤ ከተቀረጸበት ጊዜ የቀደመ ዓመት ማለት ነው። ባሕር ውስጥ የከረመው ሪያል ጽሑፉ አሁንም ጎልቶ ይነበባል፤ ገበያ የዋለው ሽልንግ ላይ ያለው አንበሳ ግን ከእጅ ብዛት ፊቱ ጠፍቷል።