አጥሩ የቆመው ለእኔ ነው

በያጅ ነኝ። መርካቶ ምናለሽ ተራ የለመድኩትን ሙያ እዚህ አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስም አልተውኩትም፤ በርና አጥር እሠራለሁ። ስለዚህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ልጄን ይዤ ወደ መኪና እሽቅድምድሙ ሜዳ ስሄድ፣ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው መኪኖቹ ላይ ሳይሆን በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው የሽቦ አጥር ላይ ነው።

በሽቦው ሥር ያለው ግንብ ታሪኩ ያስደስተኛል። እስከ 2002 ድረስ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሽከርካሪው የሚላተመው ከደረቅ ኮንክሪት ጋር ነበር። በዚያ ዓመት የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የሠሩት አዲስ መከላከያ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚሁ ተተከለ። አሠራሩን እንዳየሁ ገባኝ፦ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ የተበየደ ቱቦላሬ፣ ከኋላው ፎም፣ ከፎሙ ኋላ አሮጌው ኮንክሪት። መኪና ሲመታው ብረቱ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ፎሙም ይጨፈለቃል፤ በሰውዬው አንገት ላይ ሊያርፍ የነበረውን ጉልበት ይቀበልለታል። እንዲህ ያለ ብየዳ የሰው ነፍስ ያተርፋል።

ከግንቡ በላይ ያለው አጥር ግን ያው ቋሚና ሽቦ ነው።

አሽከርካሪው ዳን ዌልደን በ2011 እዚሁ የሚካሄደውን የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ለቀጣዩ ዓመት የሚመጣውን፣ ይበልጥ ደኅንነቱ የተጠበቀ እንዲሆን የታሰበውን መኪና እየነዳ ይፈትን ነበር። ኦክቶበር 16 ላይ በአሮጌው መኪና ላስ ቬጋስ ተሰለፈ። እኛ ጋ አንዱ ዙር 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ 33 መኪኖች ይሮጡበታል። እዚያ 2.4 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ 34 መኪና አስገቡ። ኩርባው በጣም ያዘነበለ ስለሆነ ማንም እግሩን ከነዳጅ መስጫው አያነሳም፤ ስለዚህ ማንም ከማንም አይለይም፣ እንደ መንጋ ተፋፍገው ይሄዳሉ። ጎማዎቹ ደግሞ ክዳን የላቸውም። ከኋላ የሚመጣው መኪና ጎማ ከፊቱ ያለውን መኪና ጎማ ከነካ ይወጣበትና መኪናው ከመሬት ይነሳል። በ11ኛው ዙር 15 መኪኖች ተጋጩ። የዌልደን መኪና በአየር ላይ ሄዶ አጥሩን መታ፤ ጭንቅላቱ ከአጥሩ ቋሚ ጋር ተጋጨ። 33 ዓመቱ ነበር፣ የሁለት ሕፃናት አባት። ሲፈትነው የነበረው መኪና በስሙ ተጠራ።

በ2018 ፖኮኖ በሚባለው ሜዳ ላይ አሽከርካሪውን ሮበርት ዊከንስን ያነሳውም ያው የጎማ ንክኪ ነው። መኪናው አጥሩ ላይ ተበጣጠሰ፤ አከርካሪው ተጎዳ። ዛሬ በእጅ በሚሠራ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ ይወዳደራል።

ይህን ሁሉ ሳስብ እናደድ ነበር። ቋሚ ብረት በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ሰው ፊት እንዴት ይተከላል? ሱቄ ውስጥ ባለው የትእዛዝ ደብተር ጀርባ ላይ ቋሚው ከሽቦው ርቆ የሚቆምበትን ንድፍ ስንት ጊዜ ሣልኩ!

በ2023 ሁለተኛው ኩርባ አጠገብ ተቀምጠን ነበር። ሁለት መኪኖች ተጋጩና የአንዱ ጎማ ተነቅሎ ተስፈነጠረ። ከግንቡ በላይ፣ ከሽቦው በላይ፣ ከመቀመጫዎቹ ከፍታ በላይ። በሰማይ ላይ ጥቁር ነገር ሆኖ ሲሽከረከር አየሁት፤ ልጄን ጎትቼ ከሥሬ አደረግኩት። ጎማው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ወድቆ የአንዲት ሴት መኪና መትቶ ጎዳ። ሰው አልተነካም። ያን ጊዜ ነው አጥሩ ለማን እንደቆመ በሥጋዬ የገባኝ። እኔ እንዳልሞት የቆመ ብረት ነው ዌልደንን የገደለው።

ውድድሩ ሲያልቅ እጄ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። አሸናፊው ጆሴፍ ኒውጋርደን መኪናውን አቁሞ ወረደና ወደ አጥሩ ሮጠ። በትልቁ ስክሪን ላይ አየነው፤ በአጥሩ ሥር ባለች ጠባብ ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ ሾለከና ሕዝቡ መሀል ገባ።

«አባዬ፣ ወደ እኛ ጎን መጣ!» አለ ልጄ።