መርከብ ላይ ጓደኛ የሚያሳጣው ዝርዝር

በረጅም የክሩዝ ጉዞ ለመዝፈን ኮንትራት ስፈርም ሰው ሁሉ ያስፈራራኝ በማዕበል ነው። ስለ ተረኞች ዝርዝር ያስጠነቀቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እንግዲህ እኔ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ደረጃ ቀላል ነው። የጤና ምርመራ አደረግኩ። ኤስቲሲደብሊው የሚባለውን መሠረታዊ የደህንነት ሥልጠና ወሰድኩ፤ ሥራችሁ ዘፈን ብቻ ቢሆንም እሳት ማጥፋት ትማራላችሁ። ተሳፈርኩ፣ ፓስፖርቴን አስረከብኩ። ከአንዲት ዳንሰኛ ጋር መስኮት የሌላት፣ ተደራራቢ አልጋ ያላት ካቢን ደረሰችኝ።

በገለጻው ላይ «የእንኳን ደህና መጣችሁ ግብዣው እንዳያመልጣችሁ፣ ከሁሉም ጋር ተዋወቁ» ተባልን። ሄድኩ። ሁሉም ስሙንና አገሩን ይነግራችኋል፣ ፈገግ ይላል፤ በነጋታው ኮሪደር ላይ እንዳላየ ያልፋችኋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግብዣው ይቅርባችሁ። ከሾው በኋላ ቆዩና ኬብል ጠቅልሉ። እኔ በክርኔ ዙሪያ ስጠመጥመው የድምፅ ቴክኒሻኑ ከእጄ ነጠቀኝ፤ «ውስጡ ይጣመማል!» ብሎ አንዱን ዙር ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ገልብጦ ወደ ታች እያደረገ አሳየኝ። ከዚያች ማታ ጀምሮ መመገቢያ ክፍል ውስጥ አጠገቡ ወንበር ይይዝልኝ ነበር። በእሱ በኩል ድራመሩን፣ ሳክስፎኒስቱን፣ ቤዚስቱን ተላመድኩ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ።

መርከብ ወደብ ሲቆም ሠራተኛው በሙሉ አይወርድም። እሳት ቢነሳ የሚያጠፋ፣ ተሳፋሪ የሚያስወጣ በቂ ሰው መቅረት አለበት። አይፒኤም ይሉታል። እኛ መርከብ ላይ በቡድን ተከፍለን በየወደቡ እንፈራረቅ ነበር። በሕጉ ቅር አይለኝም። ያናደደኝ ዝርዝሩን ያወጣው ሰውዬ ነው። ባንዱን በሙሉ አንድ ቡድን ውስጥ፣ እኔን ሌላው ውስጥ ከተተኝ። እነሱ ሲወርዱ እኔ ተረኛ፣ እኔ ስወርድ እነሱ ተረኛ።

ቢሮው ሄድኩ። «ቅጽ ሙዪ» አለኝ። ሞላሁ። «አለቃሽ ይፈርም።» አለቃዬ ልምምድ ላይ ነበር፤ ጠብቄ አስፈረምኩ። ስመለስ «የማስገቢያው ሰዓት አልፏል።» ለሚቀጥለው ወደብ ቀደም ብዬ ሄድኩ። አሁን ደግሞ የምቀያየረው ሰው የአደጋ ጊዜ ሥራው ከእኔ ጋር አንድ መሆን አለበት ተባልኩ። የእኔ ሥራ ተሳፋሪዎችን መሰብሰቢያው ቦታ ላይ ተቀብሎ የላይፍ ጃኬት አለባበስ ማሳየት ነው። ይሄ መጀመሪያውኑ ቢነገረኝ ምን ነበረበት? ሰውዬው ይህን ሁሉ ሲያመላልሰኝ አንድ ቀን ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳም።

መርከብ ላይ ያለው ወሬ የሥራ ወሬ ነው። ሰው ሰው የሚሆነው ወደብ ላይ ነው። ባንዱ ፊቱ በፀሐይ ቀልቶ ይመለስና ስለ ቤዚስቱ ጫማ እየተነሳ ይንከተከታል። ምን እንደሆነ ስጠይቅ «ኖረሽ ብታዪው!» ይሉኛል። ቀስ በቀስ «ትወርጃለሽ?» ብለው መጠየቁንም ተዉት። አንድ ማታ ሳክስፎኒስቱ «አንቺ መውረድ አትወጂም አይደል?» ሲለኝ ደሜ ፈላ።

መላውን ያገኘችልኝ ዳንሰኛዋ ናት። «ቢሮውን ተዪው፣ የእያንዳንዱን ሰው ካርድ እዪ» አለችኝ። ካርዳችን ላይ የአደጋ ጊዜ ምድባችን ተጽፏል። የእኔን ዓይነት ምድብ ያላት አንዲት የሱቅ ሠራተኛ አገኘሁ፤ እሷም ጓደኛዋ እኔ ያለሁበት ቡድን ውስጥ ሆናባት ስትበሳጭ ከርማለች! ቅጹን ይዘን በቀጥታ የደህንነት መኮንኑ ጋ ሄድን። በቆመበት አነበበ፣ ፈረመ፣ በቋሚነት ተቀያየርን። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ምልልስ!

ስለዚህ በተሳፈራችሁ ዕለት የየትኛው ቡድን አባል እንደሆናችሁ ጠይቁ። «ተረጋጉ፣ ይነገራችኋል» ቢሏችሁ አትስሟቸው።

ከሾው በኋላ ተኙ የሚለውን ምክርም ግማሹን ብቻ ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት እረፍት ይሰጣል፤ ከዚያ ላይ አንዷን ለሠራተኞች ባር ብትሰጡ አትሞቱም። የጠዋት የአደጋ ልምምድ ካለ ግን ተኙ፤ ማንም አይምራችሁም።

ለጥቂት ወደቦች ብቻ የሚመጡትን አስማተኞችና ኮሜዲያኖችም አትርሷቸው። በተሳፋሪ ካቢን ስለሚያድሩ ሠራተኛው የደላቸው ይመስለዋል። ብዙዎቹ ብቻቸውን ነው የሚበሉት። አንዱን ኮሜዲያን ወደ እኛ ጠረጴዛ ጠራሁት፤ እስኪወርድ ድረስ ከእኛ አልተለየም።

የሞላችሁትን ቅጽ ሁሉ ደግሞ ከማስገባታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። «አልደረሰኝም» ማለት ይወዳሉ። የእኔ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፤ ባየሁት ቁጥር እናደዳለሁ፣ ግን አላጠፋውም።