ጠርጥር ወይስ ንጉሥ አይከሰስ?

በሒሳብ ክፍላችን ተረት የሚወረውሩት እትዬ ናቸው። ጡረታቸው ተቃርቧል፤ ማንኛውም ክፍያ ያለ እሳቸው ሁለተኛ ማጽደቂያ አይወጣም። ክፍያ የሚያዘጋጀው ወጣት ደግሞ ተረት ሲጀመር የጆሮ ማዳመጫውን ይሰካል። «ይሄ ሁሉ የተባለው ኮምፒውተር ሳይኖር ነው» ይላቸዋል። «ሰውዬው ግን ያው ነው» ብለው ያልፉታል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ የባንክ ማስተላለፊያው ሰዓት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ ከቆየ አቅራቢያችን ኢሜይል ገባ። የባንክ ሒሳባችንን ስለቀየርን የዚህን ወር ክፍያ በአዲሱ ቁጥር ላኩልን ይላል። አርማው የእነሱ ነው፣ ገንዘቡም እስከ ሳንቲሙ ልክ ነው። ወጣቱ ቁጥሩን ለውጦ ለማጽደቅ አቀረበው። እትዬ አላጸደቁትም።

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» አሉ።

«እትዬ፣ ገንፎ አይደለም እኮ፣ ኢሜይል ነው!»

ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ ሁለተኛ መልእክት ደረሰው፤ በሥራ አስኪያጁ ስም። «ስብሰባ ላይ ነኝ። የአቅራቢው ክፍያ ዛሬውኑ ይውጣ። አትደውሉልኝ።» የልጁ ፊት ተለወጠ። አለቃችን ስብሰባ ላይ ሆነው የሚደውልላቸውን ሰው ምን እንደሚያደርጉት ሁላችንም እናውቃለን። «በቃ እሳቸው ካሉ እንክፈል» አለ፤ እውነቱን ለመናገር ክፍሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ነበር።

እትዬ የአቅራቢውን የውል ፋይል አወጡና እዚያ የተጻፈውን አሮጌ ስልክ ደወሉ፤ ኢሜይሉ ላይ ያለውን አይደለም። የወዲያኛው ሒሳብ ሠራተኛ «የምን ለውጥ?» አለች። ቀጥለው፣ አትደውሉ ላሉት አለቃ ደወሉ። እሳቸውም «የምን ክፍያ?» አሉ።

ኢሜይሉን ከፍተን የላኪውን አድራሻ አጉልተን አየነው። በድርጅቱ ስም መካከል ኤም መሆን የነበረበት የላቲን ፊደል አር እና ኤን ተጠጋግተው የቆሙበት ነው። በትንሹ ሲጻፉ በስክሪን ላይ ቁርጥ ኤም ይመስላሉ። ከነገሩኝም በኋላ ለማየት ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ።

በማግስቱ ቢሮው ሁሉ ተረተኛ ሆነ፤ «አያቶቻችን ሁሉን ተናግረው ጨርሰዋል» የሚል በዛ። እዚህ ላይ ነው እኔ የማልስማማው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉትም እኮ አያቶቻችን ናቸው። ያ ሌባ የተማመነው በዚችው አባባል ነበር፦ የአለቃ ስም ከተጠራ ማንም ቀና ብሎ አይጠይቅም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውንስ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ማን ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል? ተረቶቹ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። የቱን እንደምትጠራ የምትመርጠው አንተ ነህ፣ የምትከፍለውም አንተ ነህ።

ነገሩ የእኛ ቢሮ ብቻ ገጠመኝም አይደለም። ለአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) እ.ኤ.አ. በ2023 በደረሱት አቤቱታዎች ብቻ፣ የሥራ ኢሜይል በመምሰል የተዘረፈው ገንዘብ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለዚህ ሁሉ የኮምፒውተር ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አጣዳፊነትና የአለቃ ፍርሃት ይበቃል።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 የተሰማው የሆንግ ኮንጉ ጉዳይ ነው። አሩፕ የተባለው የእንግሊዝ የምሕንድስና ድርጅት ሠራተኛ ገንዘብ አስተላልፍ የሚል መልእክት ሲደርሰው መጀመሪያ ጠርጥሮ ነበር። ከዚያ ወደ ቪዲዮ ስብሰባ ተጠራ። የፋይናንስ ኃላፊው አሉ፣ የሥራ ባልደረቦቹም አሉ፣ ያወራሉ። ጥርጣሬው ጠፋና በ15 ዙር ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አስተላለፈ። በስክሪኑ ላይ የነበሩት ፊቶችና ድምፆች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ነበሩ። «ማየት ማመን ነው» የምንለው ነገር፣ ቢያንስ በስክሪን ላይ፣ ያኔ ያበቃለት ይመስለኛል። ይህን ለእትዬ ብነግራቸው ለአንድ ጊዜ እንኳ ተረት አላገኙለትም።

ሥራ አስኪያጁ ሁለት ነገር ወሰኑ። የባንክ ቁጥር ለውጥ በፋይል ባለው ስልክ ደውለን ሳናረጋግጥ አይስተናገድም። ክፍያ የሚያዝዝ ስልክ ወይም ቪዲዮ ሲመጣም፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዘግተን እኛው መልሰን እንደውላለን፤ ለምን ደወላችሁ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። ወጣቱ ሕጉን ወዶታል፤ እንዲያውም አብዝቶታል። ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ለእውነተኛ ክፍያ ደውለው አረፍተ ነገራቸውን ሳይጨርሱ ዘጋባቸው። መልሶ ሲደውል አልተቆጡም ብል ውሸት ነው፤ ግን አነሱ።