አሳዩ እንጂ አትስጡ

ይህን የምጽፈው ያኔ፣ ተመርቄ ከሁለት ሥራ አንዱን ስመርጥ፣ አንድ ሰው እጄን ያዝ አድርጎ «አንቺ ልጅ፣ ቆይ እስቲ» ስላላለኝ ነው። መካሪ ጠፍቶ አይደለም። ደሴ ውስጥ መካሪ ጠፍቶ አያውቅም። ግን የመከረኝ ሁሉ ስለ ምርጫው ነው የመከረኝ። ግማሹ የምትወጂውን ያዢ አለኝ፣ ግማሹ ብር ወዳለበት ሂጂ አለኝ። ስለ አንዲት ወረቀት፣ ስለ ትምህርት ማስረጃዬ፣ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔን ጉድ የሠራችኝ ደግሞ እሷ ናት።

ያደግኩት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። የሰፈሩ ስም ቧንቧ ውሃ ይሁን እንጂ እኔ ልጅነቴን የጨረስኩት ቢጫ ጀሪካን ይዤ ቦኖ ላይ ተሰልፌ ነው። ክረምት አያቴ ጋ ገጠር ስሄድ ደግሞ ሰውም ከብትም ከአንድ ምንጭ ነበር የሚጠጣው። አንድ ዓመት ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ከወረዳ መጥቶ ምንጩን አጎለበተው። በሲሚንቶ ከደነው፣ ከታች ሁለት ቧንቧ አወጣለት፣ ለከብቶቹ ለብቻቸው ገንዳ ሠራላቸው። በቃ ይኸው ነው። አያቴ እስክትሞት ድረስ ዱዓ ስታደርግ ሰውዬውን ሳትጠራው አታልፍም ነበር። ስሙን ስለማታውቀው «ያ ባለኮፍያው» ትለዋለች። እኔም ባለኮፍያዋ መሆን አማረኝ።

በ2011 ክረምት ከወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኮምቦልቻው ግቢ፣ በውሃ ምህንድስና ተመረቅኩ። መስከረም ላይ ከደሴ ብዙ የማይርቅ አንድ ወረዳ የመጠጥ ውሃ ባለሙያ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ደመወዙ 3,934 ብር። ተመዘገብኩ፣ ተፈተንኩ። ውጤቱስ? ይለጠፋል። መቼ? ይለጠፋል። በዚያው ሰሞን ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ለውሃ ማጣሪያ ክፍሉ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል ተባለ። አንድ ቀን ኢንተርቪው፣ በሦስተኛው ቀን ስልክ። 8,000 ብር።

ጉዳዩ ቤት ውስጥ ቡና ላይ ቀረበ። አቦል ላይ እማዬ «8 ሺ ብር ገፍተሽ?» አለች። ቶና ላይ አጎቴ «የመንግሥት ሥራ ጡረታ አለው» አለ። (የግሉም አለው። ሁለቱም ጋ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ለአጎት ግን ይሄ አይነገርም።) በረካው ሳይቀዳ እኔ ወስኜ ጨርሻለሁ። ፋብሪካው።

አልዋሽም፣ በብሩ ነው የወሰንኩት። የወረዳው ውጤት እስኪለጠፍ ልሥራ ያልኩት ለራሴ ማባበያ ነው። በዚህ ዛሬም አላፍርም። «ሕልም ከሆነ ጠብቂ» የሚሏችሁን ሰዎች አትስሟቸው፤ በምትጠብቁበት ወራት የቤት ኪራይ የሚከፍሉላችሁ እነሱ አይደሉም። ግን ብሩን ስታወዳድሩ እጃችሁ የሚገባውን አወዳድሩ። እኔ ያወዳደርኩት ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ደመወዝ ሲመጣ ከ8,000 ላይ ግብር 1,445፣ ጡረታ 560፣ ኮስት ሼሪንግ (ለተማርንበት ለመንግሥት የምንመልሰው) 10 በመቶ ማለትም 800 ተቆረጠና 5,195 ገባልኝ። የወረዳውን በዚያው ስሌት ስሠራው 2,781 ገደማ ይሆናል። ወረቀት ላይ 4,066 የነበረው ልዩነት 2,414 ሆነ ማለት ነው። ከሱ ላይ ደግሞ የየቀኑን ትራንስፖርትና ምሳ ቀንሱ። የግብሩ ሠንጠረዥ በ2017 ተሻሽሎ አሁን የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ እናንተ በአዲሱ አስሉት። ብቻ ሳትፈርሙ አስሉት።

አሁን ወደ ወረቀቷ።

የጤና ምርመራ፣ ፎቶ፣ ቲን ቁጥር፣ ዋስ፤ ሁሉም በሁለት ቀን አለቀ። ዋስ የሆኑኝ የሰፈራችን መምህር ናቸው፣ አላህ ይስጣቸው። ከዚያ የሰው ኃይል ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ማስረጃዬን አዩ፣ ኮፒውን አመሳከሩ። ኦሪጅናሏን ለመቀበል እጄን ስዘረጋ «ቴምፖራሪሽ እዚህ ይቀመጣል» አሉኝ።

«ለምን ጋሼ?»

«አሠራር ነው።»

ላልተመረቀ ሰው ልንገር። ኮስት ሼሪንጉን ከፍለን እስክንጨርስ ዋናውን ዲግሪ አናየውም። ተምሬያለሁ ብለን የምናሳየው አንድ ወረቀት ቴምፖራሪዋ፣ ጊዜያዊዋ ዲግሪ፣ ናት። እሷን መስጠት የቤት ካርታ አስይዞ ሻይ እንደመጠጣት ነው። ይሄ ሁሉ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ 23 ዓመቴ ነበር፣ ሥራ አግኝቼ ነበር፣ ዝም አልኩ። ሰውዬው ወረቀት መብሻውን ሳቡና ቀጭ! አደረጓት። ሁለት ቀዳዳ። አንደኛው ጠርዝ ላይ ዐረፈ። ሌላኛው የሬጅስትራሩን ፊርማ መሐሉን በላው። ሰማያዊ ቦክስ ፋይል ውስጥ አስገቧት፣ ፋይሉን ሸልፍ ውስጥ፣ ቁልፉን ኪሳቸው።

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጥቅምት 3፣ 2012 ነው። ጠዋት ከደሴ በሹራብና በጋቢ ተጠቅልዬ እወጣለሁ፣ ሐረጎን በጉም ውስጥ እንወርዳለን፣ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቡ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ማታ ደግሞ በተቃራኒው። ሥራው ክፉ አልነበረም። የቦይለሩን ውሃ መለካት፣ ጨው መጨመር፣ መዝገብ መሙላት። ውሃው ግን ለማሽን ነበር።

ሐሙስ ታኅሣሥ 16 ጓደኛዬ ደወለች። «ተለጥፏል! አንደኛ ነሽ!» ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። እስከ ታኅሣሥ 27 ኦሪጅናል ማስረጃና ከሥራ ላይ ያለ ደግሞ መልቀቂያ ይዞ ያልቀረበ ተጠባባቂው ይተካል ይላል ማስታወቂያው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆጠርኩ፤ ባልቆጥረው ይሻለኝ ነበር። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በአዋጅ 1156/2011። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። የኔ 60ኛ ቀን ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ነበረች። ስልኩ የመጣው በ64ኛው ቀን። በአራት ቀን! ውጤቱ መለጠፉን ለማየት በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ወረዳው ድረስ ብሄድ ኖሮ ብዬ ዛሬም ሌሊት እነቃለሁ።

በማግስቱ ማስጠንቀቂያዬን ጽፌ ገባሁ። ኃላፊው አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሠላሳ ቀን ትሠሪያለሽ፣ ከዚያ ክሊራንስ ትጨርሺያለሽ፣ ከዚያ ወረቀትሽን ትወስጃለሽ።» ሠላሳውን ቀን እሠራለሁ፣ ቴምፖራሪዋን ግን ላንድ ቀን አሳይቼ ልመልስ ብዬ ለመንኩ። አሠራር አይፈቅድም። ዋሴን ይዤ ልምጣ? አሠራር አይፈቅድም። ቅዳሜ ደግሜ ሄድኩ። ሰኞ ስሄድ ቢሮው ዝግ። ለገና አዲስ አበባ ሄደዋል፣ ቁልፉም አብሯቸው ሄዷል። የዚያ ዓመት ገና በ28 ነበር የዋለው፤ ሳምንት ሙሉ ቀድመው ነው የሄዱት። ጸሐፊዋ አዘነችልኝ። «አብሽሪ እህቴ» አለችኝ። ከሸልፉ መስታወት ጀርባ ሰማያዊው ቦክስ ፋይል ይታያል። ሁለት ሜትር አይሞላም። መስታወቱን ልስበረው ወይ ብዬ አስቤያለሁ፣ እውነቴን ነው።

የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ ሮጥኩ። አንዱ ባለሙያ በደንብ ሰማኝ። «ማስረጃሽን መያዝ አይችሉም» አለኝ። ደስታዬ! «ማመልከቻ ጻፊ።» ጻፍኩ። «የሚፈርመው ስብሰባ ነው፣ ነገ ነይ።» ነገ ስመጣ ስብሰባው ሁለት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ተፈረመልኝ፤ ግን ደብዳቤው ላይ የፋብሪካው ስም ተሳስቶ ነበርና ጥበቃው በር ላይ መለሰኝ። እንዲታረም ስመለስ «ማን ጻፈው?» ተባልኩ፣ እኔ የጻፍኩት ይመስል። ሲታረምም ምን ይጠቅማል፣ ቁልፉ አዲስ አበባ።

ታኅሣሥ 27 ኮፒዬን ይዤ ወረዳው ሄድኩ። ልጁ በትሕትና ነው ያናገረኝ፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

«ኮፒ አንቀበልም እህቴ።»

«ኦሪጅናሉ ኮምቦልቻ ሸልፍ ውስጥ ነው።»

«እሱን እኛ ምን እናድርገው?»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደጁ ላይ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። ከገና በኋላ ተጠባባቂው ገባ።

በባለሥልጣን መናደድ ቀላል ነው፤ ከራሴ ጋር ግን እስከ ዛሬ አልታረቅኩም። የተማርኩበት ሬጅስትራር እዚያው ኮምቦልቻ፣ በባጃጅ የሚደረስ ቦታ ነበር። ለወረዳው ተማሪያችን ነበረች፣ ተመርቃለች የሚል ደብዳቤ ጻፉልኝ ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ምናልባት ወረዳው አይቀበለውም ነበር። ምናልባት ግን ሁለት ሳምንት ይታገሰኝ ነበር። በዚያ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከሸልፉ ሌላ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም።

ከዚያ የሚያሳፍረው ክፍል መጣ። ወረዳው ካመለጠ ሥራ ለቅቄ የት እገባለሁ? ሄጄ ማስጠንቀቂያዬን አነሳሁ። ኃላፊው ከአዲስ አበባ ተመልሰው ደብዳቤዬን ሲያወጡልኝ ፈገግ አሉ። ቴምፖራሪዬንም በራሳቸው ፈቃድ ሰጡኝ። «ቢፈልጉሽ ብዬ» አሉ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ሁለት ዓመት እንደሞላኝ፣ 2014 ላይ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የመጣው መጣ። እሱን እዚህ አላነሳም። ፋብሪካውም ቆመ። ከፋብሪካው ደመወዝ ያጠራቀምኩት ብር ግን በዚያ ወራት ቤታችንን አኖረ። ስለዚህ ፋብሪካውን በመምረጤ ይቆጭሻል ወይ ስትሉኝ፣ አይቆጨኝም። ወረዳው ግን ይቆጨኛል። ሁለቱም እውነት ነው፣ አታስታርቁልኝ።

ተመራቂ ሲጠይቀኝ የምለው ይኸው ነው። ብር ያለበትን ያዙ፣ ግን ከ60ኛው ቀን በፊት ሌላውን በር በአካል ሄዳችሁ አንኳኩ። «ይለጠፋል» የሚለውን ቃል አትመኑ። «ኦሪጅናል ይዛችሁ ቅረቡ» ሲባል ይዛችሁ ቅረቡ፤ አስቀምጡ ሲባል ቢያንስ ማኅተም ያለበት የርክክብ ወረቀት ጠይቁ። እኔ ያንን እንኳ አልጠየቅኩም። ስትለቁ ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤ መብታችሁ ነው፤ ቀሪ ክፍያችሁም በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ችሮታ አታስመስሉት።

2015 ላይ ሌላ ወረዳ ተወዳደርኩ። ፈተናውን አለፍኩ፣ ማስረጃ ማመሳከሪያ ቀን ደረሰ። ባለሙያው ቴምፖራሪዬን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳት። በፊርማው መሐል ባለው ቀዳዳ አንድ ዓይኑ ታየኝ፣ እኔን ያያል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ።

«አሠራር ነው» አልኩት።