የበዓል ስምሪትና የመርማሪው ጠረጴዛ
መስከረም 16 ቀን ደመራ ሲለኮስ ከመስቀል አደባባይ እስከ ለገሀር ያለው መንገድ በፖሊስ ይሞላል። በጥምቀት ጃንሜዳ፣ በየካቲት ደግሞ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ወቅት ስምሪቱ እንደገና ይሰፋል። ያን ያህል ሕዝብና እንግዳ በሚሰበሰብበት ቦታ ጥበቃው ቢጠብቅ ተገቢ ነው፤ የሚያሳስበኝ ግን ለዚህ ሥራ የሚሰማራው ኃይል ከየት እንደሚነሣ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የፌዴራል ፖሊስን ማደራጀት ለፌዴራሉ መንግሥት፣ የክልል ፖሊስን ደግሞ ለክልሎች ሰጥቷል። ሥልጣኑ እንዲህ ቢከፋፈልም በየትኛውም ፖሊስ ውስጥ ሁለት ዐበይት ሥራዎች አሉ፤ ወንጀል መከላከልና ወንጀል ምርመራ። መከላከሉ የደንብ ልብስ ለብሶ በየመንገዱ ስለሚታይ የሕዝብም የአለቃም ዐይን ያርፍበታል። ምርመራው ግን ከመዝገብና ከምስክር ቃል ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚውል ሥራ በመሆኑ ሲጓደል ቶሎ አይታወቅም።

ሜክሲኮ አካባቢ ሱቅ ያለው ጎረቤቴ በበዓል ዋዜማ ሱቁ ተሰብሮ አደረና የተፈለቀቀውን ቁልፍ በፌስታል ይዞ ወደ ጣቢያ ሄደ። ተረኛው ፖሊስ በትሕትና አቤቱታውን መዝግቦ፣ መርማሪው ለጥበቃ ስለተሰማራ ከበዓሉ በኋላ እንዲመለስ ነገረው። ሱቁን ክፍት ጥሎ ማደር ስለማይችል በሩን አስጠገነ፤ መርማሪው በመጣ ጊዜ ከበሩ ላይ የሚነሣ አሻራም ሆነ ሌላ ምልክት አልነበረም።

ጉዳቱ በተበዳዩ ላይ ብቻ አያበቃም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይታሰብ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ምርመራው እስኪያልቅ ተጠርጣሪው በእስር እንዲቆይ ፍርድ ቤት የሚፈቅደው አንድ የጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን መብለጥ አይችልም። መርማሪው አደባባይ ቆሞ ሲውል ይህ ጊዜ አይቆምለትም፤ ምርመራው አላለቀም ተብሎ ሌላ ቀጠሮ በተጠየቀ ቁጥር፣ ምናልባትም ንጹሕ የሆነ ሰው በእስር ይቆያል።

ደመራም ጥምቀትም ቀናቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የጉባኤውም ቀን ቢሆን ዱብ ዕዳ አይደለም። ስለዚህ በየጣቢያው ከበዓል ስምሪት ውጭ የሚሆኑ መርማሪዎች ቀደም ብለው በስም ሊለዩ ይገባል፤ የጣቢያው ኃላፊም የስምሪት ዝርዝሩን ከመፈረሙ በፊት፣ ተጠርጣሪ የታሰረባቸው መዝገቦች ቀነ ገደባቸው መቼ እንደሚያልቅና እያንዳንዱን መዝገብ ማን እንደያዘው ማረጋገጥ ይኖርበታል።