ናሽቪል ለምኔ

ከዳላስ ተነስቶ በአውራ ጎዳና 35 ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው ኦስቲንን እስኪያልፍ የሚያየው የጭነት መኪና ብቻ ነው፤ ስለ መንገዱ ይህ ይበቃል። ኒው ብራውንፍልስ የገባነው ቅዳሜ ሊመሽ ሲል ነበር። ከተማዋን በ1845 የቆረቆሯት ጀርመን ሰፋሪዎች ናቸው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። እኛን የወሰደን ግን በጓዳሉፔ ወንዝ አቅራቢያ ያለው ግሪን ሆል የተባለው የዳንስ አዳራሽ ነው። በ1878 ተሠርቶ እስካሁን ይደነስበታል፤ ካንትሪ የተባለው የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ታዋቂ ዘፋኝ ጆርጅ ስትሬትም ስሙ ሳይገን እዚሁ ይዘፍን ነበር።

ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጣውላ ነው። አየር ማቀዝቀዣ ብሎ ነገር የለም፤ ሙቀቱ ሲበረታ የጎን ግድግዳዎቹ ይከፈታሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የነፋስ ፈቃድ ነው። ከሙቀቱ የተነሣ ጓደኛዬ ገና ከበሩ «ለዚህ ነው አራት ሰዓት የነዳኸኝ?» አለኝ።

የምሽቱ ዘፋኝ ከምዕራብ ቴክሳስ የመጣ፣ አሳታሚ ድርጅት የሌለው ሰው ነው። ከቴክሳስና ከኦክላሆማ ወጣ ቢሉ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ማግኘት ያስቸግራል። እዚህ ግን ታዳሚው ግጥሞቹን በቃሉ ይዞ ይቀበለዋል። ቫዮሊኑ ሲነሣ ጥንዶች ተያይዘው ወለሉን መዞር ጀመሩ። ባርኔጣ ያጠለቁ አንድ ሽማግሌ ሚስታቸውን ይዘው ሲዞሩ ብዙ ተመለከትኳቸው። ዘፋኙን አንድ ጊዜ እንኳን ቀና ብለው አላዩትም፤ ሲያጨበጭቡ ግን ከሁሉም ቀድመው ነው።

የእነዚህ ዘፋኞች እንጀራ ያለው እዚያ ወለል ላይ ይመስለኛል። የካንትሪ ሙዚቃ ንግድ መናኸሪያ የሆነችው ናሽቪል ዘፋኝን የምትመዝነው በአገር አቀፍ ሬዲዮ ነው፤ የዳንስ አዳራሽ ባለቤት ግን ወለሉን የሚሞላለትን ይቀጥራል፣ የሞላለትንም ደግሞ ይጠራዋል። ቴክሳስ ስፋቷ ወደ 700,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስለሆነ ዘፋኙ ከግዛቷ ሳይወጣ ዓመቱን ሙሉ ከአዳራሽ አዳራሽ ሊዞር ይችላል። የአካባቢውን ዘፋኞች የሚያጫውቱ ጣቢያዎችና የራሷ የሬዲዮ ዘፈኖች የደረጃ ሰንጠረዥም አሏት። በዚህ ላይ የዘፈኑ ቅጂ ባለቤትነት በእጁ ይቀራል፤ ከትልቅ አሳታሚ ጋር ሲፈርሙ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው እርሱ ነው።

የአማሪሎው ልጅ አሮን ዋትሰን ሩቅ የተጓዘው በዚህ መንገድ ነው። የመጀመሪያ አልበሙን በ1999 አወጣ፤ በ2015 በራሱ ያሳተመው አልበም ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የካንትሪ አልበሞች የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ በአንደኝነት ገባ። በዚህ ደረጃ ለመጀመር የበቃ የመጀመሪያው ወንድ ነጻ (ማለትም በትልቅ አሳታሚ ያልታቀፈ) የካንትሪ ድምፃዊ እርሱ ነው። መካከል ላይ ያሉት አሥራ ስድስት ዓመታት ግን በመንገድ ያለቁ ናቸው፤ ስለ ነጻነት ሲወራ ይህ ሂሳብ እየተዘነጋ ያናድደኛል።

ሂሳቡን በዓይናችን ያየነው ሙዚቃው ካበቃ በኋላ ነው። ዘፋኙ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ ከመድረክ ወረደና በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ቆመ። ካናቴራ፣ ባርኔጣ፣ ሲዲና ሸክላ ተደርድሯል። መጠን እየጠየቀ ያጥፋል፣ ይፈርማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ መልስ ይቆጥራል። ከበሮ መቺው ገመድ እየጠቀለለ ከቫኗ ኋላ ወደተቀጠለው ተሳቢ ያመላልሳል። የመግቢያው ገንዘብ ለባንዱ አባላት፣ ለነዳጅና ለማደሪያ ይከፋፈላል፤ ብዙ ጊዜ ለዘፋኙ የሚተርፈው ከዚህች ጠረጴዛ የሚገኘው ነው።

ጓደኛዬ የመርካቶ ልጅ ነውና ሁለት ካናቴራ አንሥቶ ቅናሽ ጠየቀ። ዘፋኙ ሳቀ፤ ነገ ማታ ለበክ በምትባለው የምዕራብ ቴክሳስ ከተማ እንደሚጫወትና እስከዚያ ስድስት ሰዓት ያህል እንደሚነዳ ነገረው። ጓደኛዬ ሙሉውን ከፈለ፤ ሦስተኛም ጨመረ።