የገብስማ ቀለብ

ዛሬም ማታ ወንፊቱን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያመሸሁት። ነቅነቅ ሳደርገው ከሥር የሚወርደው ደቃቅ አሸዋ ይመስላል፤ የዱቄት ትሎቼ ኩስ ነው። ደረቅ ነው፣ እጅ ላይ አይያዝም። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ፍሩሽካውና ወርቅማ ቢጫ ትሎቹ ናቸው። ኩሱን ለጎመን መደቡ አስቀምጬ፣ ሳፋው ላይ አዲስ ፍሩሽካ ሁለት ሦስት ጣት ያህል አነጠፍኩላቸው።

የዱቄት ትል ማርባት የጀመርኩት ለገብስማ ብዬ ነው። ጫጩት ሳለች ድመት እግሯን ሰብሯት፣ ካርቶን ውስጥ አስተኝቼ ያሳደግኋት ዶሮዬ ናት። በአንድ እግር መጫር አይሆንላትም። ሌሎቹ ጓሮውን ጭረው የሚለቅሙትን ትልና ነፍሳት እሷ የምታገኘው ከእጄ ብቻ ነው። አዲስ አበባ የሚማረው የእህቴ ልጅ ይህን አይቶ ነበርና ለክረምት ሲመጣ በጣሳ ትል ይዞልኝ መጣ።

አክስቴ ክዳኑን ገልጠው ሲያዩ ክው አሉ። «ሰው ዕድሜውን ሙሉ ነቀዝ እንዳይገባበት ጎተራው ላይ አመድ ሲነሰንስ ይኖራል፣ አንቺ ቤትሽ አስገብተሽ ትቀልቢያለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ይህ ትል ሲያድግ ጥቁር ጥንዚዛ የሚሆን የእህልና የዱቄት ጠላት ነው። ክዳኑን ጠብቄ እንደምይዝ ቃል ገባሁላቸው።

መጀመሪያ ያነጠፍኩላቸው ሳጋቱራ ነበር። ለጫጩት ስለሚነጠፍ ለትልም የሚሆን መሰለኝ። ለዱቄት ትል ግን መኝታውና መብሉ አንድ ነው፤ የሚበላው ነገር ውስጥ ተቀብሮ ነው ውሎ የሚያድረው። ሳጋቱራ ላይ ያኖሩት ትል ሆዱ ባዶ ነው። ሲርባቸው ደግሞ እርስ በርስ ይበላላሉ፤ በተለይ ወደ ጥንዚዛነት ሊለወጥ ነጭ ሆኖ፣ ሳይበላና ሳይሄድ የሚተኛውን አይምሩትም። እንዲህ የጎደለብኝን ስቆጥር ነው ሳጋቱራውን የደፋሁት።

ከዚያ ፍሩሽካ ገዛሁ፤ ያሳዘነኝም ያኔ የሆነው ነው። ጊዜው አምና ኅዳር ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክዳኑን ስገልጥ ትሎቹ ከፍሩሽካው ወጥተው ላይ በላዩ ተዘርረዋል። ገሚሶቹ ጠቁረዋል፣ የገሚሶቹ ጫፍ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ብርዱ ነው አልኩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ በኅዳር ሌሊት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሥጋቸው እንኳ አይባክን ብዬ አንድ እፍኝ ይዤ ወደ ገብስማ ሄድኩ። አንገቷን አስግጋ ስትጠብቀኝ አክስቴ ከኋላዬ «ቆዪ! መድኃኒት የነካው ስንዴ እንዳይሆን!» አሉ።

እጄን መለስኩ።

ነጋዴው ጋ ሄጄ ስጠይቅ፣ ስንዴው ሲከማች የነቀዝ መድኃኒት ተነስንሶበት እንደነበር ነገረኝ። ዱቄት መድኃኒት የሚያርፈው ፍሬው ላይ፣ ከውጭ ነው። ፍሩሽካ ደግሞ የፍሬው የውጭ ልባስ ነው። ስለዚህ ከዱቄቱ ይልቅ ፍሩሽካው ላይ ይበዛል። ትሉ የበላውን ገብስማ ትበላዋለች፣ የገብስማን እንቁላል ልጄ ትበላዋለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያዳነን ዕድሜውን ሙሉ ከነቀዝ ጋር የታገለ ሰው ዕውቀት ነው።

አሁን አክስቴ ከሚያውቋቸው ገበሬ ሰኞ ገበያ ስንዴ ገዝቼ፣ ወፍጮ ቤት አስፈጭቼ፣ ራሴ ነፍቼ ነው ፍሩሽካውን የማወጣው። ዱቄቱ ለዳቦ ይሆናል፤ ለትሎቹ ዱቄት ብቻ ማንጠፍ አልወድም፣ ትንሽ እርጥበት ሲያገኘው እንደ ሊጥ ይጓጉላል። ፍሩሽካውን ምጣድ ላይ፣ እጅ መያዝ እስኪያቅተው ድረስ እያማሰልኩ አሞቀዋለሁ። ተደብቆ የመጣ ሌላ ነቀዝ ካለ ከነእንቁላሉ እዚያው ያልቃል። መድኃኒት ግን በእሳት ይጠፋል ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ ከየአዲሱ ፍሩሽካ በጣሳ ቀንሼ አሥር ትል ለአንድ ሳምንት አስቀምጥበታለሁ። እነሱ በደህና ከከረሙ ነው ሳፋው የሚነጠፈው።

ውሃ በሰሃን አይሰጣቸውም፤ ይሰምጣሉ፣ ፍሩሽካውም ይሻግታል። ጥማቸውን የሚያስታግሰው ካሮት ነው። ድንችም ይሆናል። ጥቅል ጎመን ሰጥቼ ሥሩ ሲረጥብ ሻጋታ ይዞት ስላየሁ ትቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ጎረቤቴ የሰጠችኝን የጠላ አተላ እንዳለ ጨመርኩትና በማግስቱ ነጭ ጸጉር አበቀለ። ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቄ፣ ከፍሩሽካው ጋር በጭልፋ ልክ ስቀላቅለው ግን ወደዱት።

የብርዱን ነገር የተማርኩት ከወንድሜ ቤት ነው። ግማሹን ትል በሐረጎ ቁልቁለት አውርጄ ኮምቦልቻ ሰጠሁት፤ እዚያ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከደሴ ይሞቃል። ለዱቄት ትል በጣም የሚስማማው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ያለው ሙቀት ነው። ከአንድ ሳፋ የተከፈሉት ትሎች የእሱ ጥንዚዛ ሆነው እንቁላል ሲጥሉ የእኔዎቹ ገና ትል ነበሩ። ቀዝቃዛ ትል ጥቂት ነው የሚበላው፤ በኮምቦልቻ ልክ የተቆረጠ ካሮት ደሴ ላይ ሳይበላ ይሻግታል። አሁን የእኔን እንደ ጥፍር አሳንሼ ነው የምቆርጠው፣ ያደረውንም ጠዋት አነሳለሁ።

ለገብስማ በቀን አሥር ትል እሰጣታለሁ፣ ከዚያ አላበዛም፤ ቅባቱ ይከብዳታል። ካልሲየሙም ትንሽ ስለሆነ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጬ ከእህሏ ጋር አደርግላታለሁ።

ከሰኞ ገበያው ስንዴ የወጣው አዲሱ ፍሩሽካ ጣሳው ውስጥ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። አክስቴ ሊተኙ ሲሉ «እንዴት ዋሉ እነዚያ ነቀዞችሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ክዳኑን ገልጬ አሳየኋቸው፤ ሁሉም ወደ ታች ገብተው ተቀብረዋል፣ ጆሮ ሲያስጠጉ ኮሽ ኮሽ ይላሉ።